ሁለት ሰዓት ማታ፣ በባንግኮክ

እንግሊዝኛ ላስተምር ባንግኮክ በገባሁበት ዕለት የቤት አከራዬ ቁልፍ ይዘው የሚመጡበትን ሰዓት በስልክ የነገሩን በታይ ቋንቋ ነበር። ሊቀበለኝ የመጣችው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረችና «‹ሶንግ ቱም› ላይ ይመጣሉ፤ ሁለት ከበሮ እንደ ማለት ነው» አለችኝ። ሌሎች የውጭ አገር መምህራን ይህን አነጋገር ሲሰሙ ግራ እንደሚጋቡ ስለምታውቅ ልታስረዳኝ ወረቀትና እስክርቢቶ አወጣች፤ እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሁለተኛው ሰዓት ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት። አከራዬም ልክ በ2 ሰዓት በሩን አንኳኩ። ከአዲስ አበባ ስነሣ ይዤው የመጣሁት ፍርሃት መቅለል የጀመረው በዚያች ቅጽበት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የታይላንድ ሰው በመሥሪያ ቤትና በባቡር ጣቢያ በ24 ሰዓት ይቆጥራል፤ በቤቱና በገበያው ግን ቀኑንና ሌሊቱን በስድስት በስድስት ሰዓት ከፍሎ የመቁጠር የቆየ ልማዱን አልተወም። ከምሽቱ አንድ ሰዓትን «ኑንግ ቱም»፣ ሁለት ሰዓትን «ሶንግ ቱም»፣ ሦስት ሰዓትን «ሳም ቱም» እያለ፣ «ሃ ቱም» እስከሚባለው እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ከእኛ ጋር እኩል ይሄዳል። «ቱም» በጥንት ጊዜ ሌሊቱን ለማሳወቅ ይመታ ከነበረው ከበሮ ድምፅ የመጣ ሲሆን፣ የቀኑ ሰዓት መጠሪያ የሆነው «ሞንግ» ደግሞ የነሐስ ደወል ድምፅ ነው። ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ቆጠራችን ይለያያል፤ ምሽቱ ግን አንድ ነው። ከአገሬ ውጭ በየትኛውም ከተማ ሰዓቴን ሳልቀይር ምሽቱን እቆጥራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የተወለድሁትም ያደግሁትም ደሴ ነው። አባቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ሲማሩ እንግሊዝኛ ያስተማራቸው ከአሜሪካ የመጣ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት ነበር። የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1955 ዓ.ም. መባቻ አካባቢ ሲሆን ቁጥራቸው ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ ነበር፤ ከእነርሱ በኋላም በየዓመቱ ሌሎች እየተከተሉ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች አስተምረዋል። አባቴ ስለዚያ መምህር ሲያወሩ ሰዋስው እንዴት እንዳስተማራቸው አያነሡም። የሚያነሡት ጥቁር ሰሌዳውን ነው። ወጣቱ በየቀኑ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት የሰሌዳውን አንድ ጥግ ለተማሪዎቹ ይተውላቸውና አንድ የአማርኛ ቃል እንዲያስተምሩት ይጠይቃቸው ነበር። «ቀለም» የሚለውን ቃል «ከለም» ሳይል ለመጥራት አንድ ወር ሙሉ በተማሪዎቹ ፊት ታገለ። አባቴ እኔን ሲሸኙ የነገሩኝ ይህንኑ ነው፦ «አንተም ቋንቋቸውን ሳትማር ቋንቋህን አታስተምር።»

«ቋንቋህን» ያሉት እንግሊዝኛን ነው። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እንግሊዝኛ የእኔ ቋንቋ ነውን? በእናቴ ጉያ አልሰማሁትም፤ የገበያ፣ የለቅሶ፣ የእርቅ ቋንቋዬ አይደለም። ነገር ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም፣ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም የተማርሁት በእርሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያጠናሁት እርሱን ነው፤ ለደሴ ልጆችም ለ11 ዓመታት ያስተማርሁት እርሱን ነው። እያንዳንዱን ቃል በላብ ያገኘሁት ስለሆነ የእኔ አይደለም ማለት ይከብደኛል።

በውጭ አገር ሥራ መፈለግ ስጀምር ግን የጠየቁኝ እንዴት እንደማስተምር ሳይሆን የት እንደተወለድሁ ነበር። የቃኘው ሻለቃ አርበኞች የተዋጉላት አገር ስለሆነች ልቤ በመጀመሪያ ያዘነበለው ወደ ደቡብ ኮርያ ነበር፤ የዚያ አገር የእንግሊዝኛ መምህርነት ቪዛ ግን እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ነው ተብለው ለተለዩ ሰባት አገሮች ዜጎች ብቻ የሚሰጥ መሆኑን ተረዳሁ፦ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአውስትራልያ፣ ለኒው ዚላንድ፣ ለአየርላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ሕግ ነውና ብዙ አልተከራከርሁም። የጎዳኝ ሌላው ነው። አንድ የመምህራን ቅጥር ኤጀንሲ በስልክ ቃለ መጠይቅ አድርጎልኝ፣ በናሙና ትምህርቴ ተደስቶ፣ የሥራ መጀመሪያ ቀን ከቆረጠልኝ በኋላ የፓስፖርቴን ቅጂ ስልክለት «ይቅርታ፣ ወላጆች አይቀበሉንም» የሚል የአንድ መስመር መልስ ሰጠኝ። ያን ቀን ክፍል ገብቼ ማስተማር አቅቶኝ ተማሪዎቼን የቤት ሥራቸውን እንዲሠሩ አድርጌ በመስኮት በኩል ጦሳ ተራራን ስመለከት ዋልሁ።

ታይላንድ በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋችም። አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ያልሆነ ሰው ዲግሪ፣ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃና የቋንቋ ፈተና ውጤት ይዞ ከቀረበ ማስተማር ይችላል፤ እኔን የጠየቁኝ ‹ቶይክ› በሚባለው ፈተና ከ990 ቢያንስ 600 እንዳመጣ ነበር። የመምህርነት ሙያ ፈቃድ የሌለውን መምህር ደግሞ ትምህርት ቤቱ ከአገሪቱ የመምህራን ምክር ቤት ጊዜያዊ ፈቃድ ያወጣለታል። የወረቀቱ ጉዞ ረጅም ነው። ዲግሪዬን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጬ፣ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወሰድሁት፤ በመጨረሻም የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አወጣሁ፤ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ያለ እርሱ ታይላንድ መግባት አይችልምና። ፋሲካን ከቤተሰቤ ጋር ውዬ በሚያዝያ 2015 መጨረሻ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስሁ።

በኪራይ ውሉ ላይ የተጻፈው ዓመት 2566 ነበር። ታይላንድ ዘመኗን የምትቆጥረው በቡድሃ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ይቀድማል። እኛ ደግሞ ወደ ኋላ ነን። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ የተሰጠኝ ዲግሪ በእንግሊዝኛው ትርጉም 2011፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ደግሞ 2554 ሆነ። የአስተዳደር ክፍሉ ሠራተኛ ሦስቱን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሮ ሲያይ ሳቅ አለና «የእናንተም አገር የራሱ ዓመት አለው?» አለኝ። አዎን አልሁት፤ የራሱ ወርም፣ የራሱ ፊደልም አለው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ሰው በየመስከረሙ አዲስ ዓመታችን መቼ እንደሆነ ይጠይቀኛል።

ስሜን በተመለከተም ቅጽ ከመሙላት በቀር ችግር አልገጠመኝም። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአያታቸው ስም መጠራት ምን ያህል እንግዳ እንደሚሆንባቸው ሲነግሩኝ ሰምቻለሁ። እዚህ ግን ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ ነው፤ ለአክብሮት «ኩን» ይጨመርበታል፣ እኛ አቶ ወይም ወይዘሮ እንደምንለው ማለት ነው። የቤተሰብ ስም ራሱ በታይላንድ የቅርብ ጊዜ ነገር ሲሆን፣ በሕግ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1913 በንጉሥ ቫጂራቩድ ዘመን ነው። በዕድሜ የሚበልጥን ሰው «ፒ»፣ የሚያንስን «ኖንግ» ይሉታል፤ ታላቅና ታናሽ ማለት ነው። አከራዬን «ፓ» ብዬ እጠራቸዋለሁ፣ አክስቴ እንደ ማለት። ጋሼና እትዬ እያለ ላደገ ሰው ይህን ልማድ መልመድ አይከብድም፤ ዝም ብሎ ቃሉን መቀየር ነው።

የምኖረው ከቻኦ ፕራያ ወንዝ በስተ ምዕራብ፣ ባንግ ኬ በሚባለው ወረዳ ነው። ጎብኚ የማይበዛበት፣ ሠራተኛ ሕዝብ የሚኖርበት፣ ቦዮች የሚያቋርጡት ሠፈር ነው። ለአንድ ክፍል ቤት በወር 5,500 ባት እከፍላለሁ፤ ስገባ ግን የሁለት ወር ተቀማጭና የአንድ ወር ቅድሚያ ክፍያ ስለተጠየቅሁ ከአገር ይዤው የወጣሁት ገንዘብ አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን አለቀ። የምድር ባቡሩ ወደዚህ ሠፈር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከጣቢያው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ የሞተር ሳይክል ታክሲ ነጂዎች ያደርሱኛል። በዝናቡ ወራት መንገዱ ውኃ ሲሞላ ጫማዬን በላስቲክ ቋጥሬ በነጠላ ጫማ እሄዳለሁ፤ እንደ ሌላው መምህር ሁሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት በባቡር ጣቢያው በር አጠገብ ስሄድ፣ የሚጣደፈው ሕዝብ ሁሉ ድንገት ባለበት ቆመ። በድምፅ ማጉያው የሚሰማው ብሔራዊ መዝሙር ነበር፤ በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሰማል። እኔም ቆምሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በየጠዋቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቆሜ ዘምሬ ያደግሁ፣ መምህር ሆኜም በሰልፉ ፊት የቆምሁ ሰው ነኝና እግሬ ራሱ ያውቀው ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ ያገኘሁትም የማውቀውን ነው። 43 የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድነት ተነሥተው፣ ቃላቱን እየጎተቱ፣ እንደ ዜማ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» አሉኝ፤ እንዴት አደራችሁ ስላቸውም ከመጽሐፍ የተማሩትን ባለ አንድ ዓይነት መልስ በአንድ ድምፅ መለሱልኝ። ደሴም እንዲሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዝምታ ሆነ። ጥያቄ ስጠይቅ የሚመልስ የለም፤ ከጓደኛው ፊት ተሳስቶ ከመታየት ዝም ማለትን የሚመርጥ ልጅ ሁሉም አገር አለ፤ እዚህ ደግሞ ይበረታል።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ተማሪ «ስኩል» የሚለውን ቃል «ሳኩን» ብላ አነበበችው። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልወሰደብኝም። የታይ ቋንቋ በቃል መጀመሪያ ላይ «ስክ» የሚባለውን ዓይነት ጥምረት ስለማይፈቅድ በመካከሉ አናባቢ ይገባል፤ በቃል መጨረሻ ላይ ደግሞ «ል» ድምፁን አጥቶ «ን»፣ «ስ» ደግሞ «ት» ይሆናል። ስለዚህ ፉትቦል «ፉትቦን»፣ ባስ «ባት» ይባላል። እኛስ? እኛም ያንን «ስክ» አንችለውም፤ መፍትሔአችን ግን ሌላ ነው፤ እነርሱ በመካከሉ ያስገቡትን አናባቢ እኛ ከፊቱ እናስቀምጠዋለን። «እስኩል» እንላለን፣ «እስፖርት» እንላለን። ለተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ ሁለቱን አጠራሮች ጎን ለጎን ጻፍሁላቸውና እኔ በእነርሱ ዕድሜ ሳለሁ «እስኩል» እል እንደነበር፣ መምህሬ «ስ»ን እንደ እባብ ድምፅ አስረዝሞ እንዳስተማረኝ ነገርኋቸው። ከዚያ ሁላችንም ያንን ድምፅ አብረን አሰማን። ያቺ ልጅ ከስድስት ሙከራ በኋላ የቃሉን መጀመሪያ በትክክል ጠራችው፤ መጨረሻው ግን ሌላ ሁለት ሳምንት ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ዝምታው መላላት ጀመረ። ፓስፖርቴን አይቶ ለተመለሰው ኤጀንሲ ላስረዳው ያልቻልሁት ነገር ይህ ነው። እንግሊዝኛን ከእናቱ የሰማ ሰው «ስኩል» ማለት ለምን እንደሚከብድ ሊያጠና ይችላል፤ እኔ ግን ከብዶኝ ያውቃል። ስለ ኃላፊ ጊዜ ባስተምር እንዲሁ ነው። የታይ ግስ ርባታ የለውም፤ «ትናንት» የሚለው ቃል ካለ ግሱ ራሱን አይለውጥም፤ ስለዚህ ተማሪዎቼ «ትናንት እሄዳለሁ» የሚመስል እንግሊዝኛ ይጽፋሉ። የአማርኛ ግስ ግን ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደሆነ ሁሉ በሆዱ የያዘ ስለሆነ ኃላፊ ጊዜ ለደሴ ልጆች ብዙ አላስቸገራቸውም ነበር፤ የእነርሱ ችግር ከስም ፊት የምትገባዋ «ዘ» የምትባል መስተአምር ነበረች። የአንዱን ክፍል ስሕተት ከሌላው ለይቶ ማየት የጀመርሁት ሁለት ቦታ ስላስተማርሁ ነው። የፊሊፒንስ ዜጋ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ አብራኝ የስሕተት መዝገብ ትይዛለች፤ በየዓርቡ እንለዋወጣለን። ከሁለታችን የበለጠ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ እንደ እኛ ያልሠለጠኑ ሰዎች በዚህ ከተማ አሉ። ይህንን ስጽፍ ምሬት የለኝም ማለት አልችልም፤ ነገር ግን ሥራዬን እወደዋለሁ።

ሰኔ ላይ፣ በአንድ ሐሙስ ጠዋት፣ «ዋይ ክሩ» የተባለው የመምህራን ማክበሪያ ሥነ ሥርዓት ተደረገ። «ክሩ» መምህር ማለት ሲሆን፣ ከሕንዱ «ጉሩ» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። ተማሪዎቹ በጉልበታቸው እየሄዱ ለመምህራኖቻቸው አበባ ያቀርባሉ፤ በአበባው እቅፍ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ደግሞ ትርጉም አለው። ጫፉ እንደ መርፌ የሆነው አበባ የአእምሮ ስለት ነው። አጎንብሶ የሚያብበው የደበርጃን አበባ ትሕትና ነው። ሦስተኛውን ሳይ ግን ማመን አቃተኝ፦ ሰርዶ ነበር። በእያንዳንዱ አንጓው ሥር እየሰደደ መሬቱን የሚያለብሰው፣ ቢረገጥም ቢጋጥም የማይሞተው የእኛው ሰርዶ። በታይላንድ ፈጥኖ የሚስፋፋ ዕውቀት ምሳሌ ነው። ደሴ እያለሁ በመስከረም ልጆች እንቁጣጣሽ የሚሰጡኝን አደይ አበባ አስታወሰኝና ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ አንገቴን ደፋሁ።

ስለ ምግብ ብዙዎች ይጠይቁኛል። በርበሬ የለመደ አንጀት እዚህ አይቸገርም፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣውን የሚጣበቅ ሩዝም በእጅ ቆርሰው፣ ወጥ አጥቅሰው ይበሉታል። የተቸገርሁት በጾም ነው። አትክልት ብቻ ይመስል የነበረው ሁሉ የዓሣ ፈሳሽ ወይም የተፈጨ ሽሪምፕ እንዳለበት እየዘገየሁ ተረዳሁ። ከዚያም ባልደረባዬ «ጄ» የሚለውን ቃል አስተማረችኝ። ከቻይና የመጣ የጾም ሥርዓት ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ ሁሉ የተከለከለበት፣ ነጭና ቀይ ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመስከረም ወይም በጥቅምት አካባቢ፣ ለዘጠኝ ቀናት ከተማው በቀይ በተጻፈበት ቢጫ ባንዲራ ይሞላል፤ የዘወትር የ«ጄ» ምግብ ቤቶች ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም ፍልሰታን፣ የማሳልፈው በእነርሱ ነው። በአንዱ ምግብ ቤት ያሉ አሮጊት ለምን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደምመጣ ጠየቁኝ፤ የእኔም ሃይማኖት የጾም ቀን እንዳለው ስነግራቸው ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ስመጣ ሳልናገር ያቀርቡልኛል።

ሽሮ ይናፍቀኛል። ሱኩምቪት በሚባለው አካባቢ፣ ዐረቦችና አፍሪካውያን በሚበዙበት ሠፈር እንጀራ ይገኛል፤ ከባንግ ኬ ግን ሩቅ ነው፣ ለመምህር ደመወዝም ውድ ነው። በበዓል ቀን ብቻ እሄዳለሁ።

ማለዳ ከቤት ስወጣ ባዶ እግራቸውን፣ ብርቱካናማ ልብስ ለብሰው፣ የምጽዋት ዕቃ ይዘው የሚያልፉ መነኮሳትን አገኛለሁ፤ ከእነርሱም መካከል ለጥቂት ጊዜ ብቻ የመነኮሱ ልጆች አሉ። አከራዬ በበራቸው ላይ ሩዝ ይዘው ይጠብቋቸዋል። እምነቱ የእኔ አይደለም። ነገር ግን በልጅነቴ በሠፈራችን አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይል የነበረውን የቆሎ ተማሪ፣ እናቴም ከሌማቱ አንሥታ የምትሰጠውን ቁራሽ እንጀራ ሳላስታውስ ያለፍሁበት ማለዳ የለም።

ይህ ሁሉ ተመሳሳይነት ብቸኝነትን አያጠፋውም፤ ይህን ላልዋሽ። በመጀመሪያው ዓመት የእኛ በዓል ሲውል ትምህርት ቤቱ ክፍት ስለነበር አስተምሬ ውያለሁ። ሙቀቱ በሚያዝያ ሌሊት እንኳ አያስተኛም፤ ጥርና የካቲት አካባቢ ደግሞ አየሩ በጭስና በአቧራ ይታፈናል። በየ90 ቀኑ የምኖርበትን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለብኝ፤ ያ ወረቀት በመጣ ቁጥር እንግዳ መሆኔ ይታወሰኛል።

ለመምጣት ለሚያስቡ ወገኖቼ የምለው ጥቂት ነው። በጎብኚ ቪዛ ግባና ሥራውን እዚያ ታገኛለህ የሚል ደላላ ቢያጋጥማችሁ አትስሙት፤ ያለ ሥራ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ ማስተማር በሕግ የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ቅጣቱም ከደላላው ይልቅ በመምህሩ ላይ ይወድቃል። ውሉን አገራችሁ ሳላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የቪዛውን ደብዳቤ ማን እንደሚጽፍ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ደመወዝ ይከፈል እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። ቢያንስ ለሦስት ወር የሚበቃ ገንዘብ ያዙ። በሁለት ኤጀንሲዎች ስትገፉም የማስተማር ችሎታችሁን አትጠራጠሩ።

የታይ ቋንቋን በተመለከተ የአባቴን አደራ ጠብቄአለሁ። ቋንቋው አምስት የድምፅ ውጣ ውረዶች ሲኖሩት፣ «ካኦ» የሚለው አንድ ቃል እንደ ዜማው ሩዝም፣ ዜናም፣ ነጭም ይሆናል። አማርኛም «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ቃል እንደሚሆን፣ ፊደሉም ልዩነቱን እንደማያሳይ ለተማሪዎቼ ሳስረዳቸው በጣም ተገረሙ። የሰሌዳውን የቀኝ ጥግ ለእነርሱ ትቼዋለሁ። በየቀኑ አንድ ልጅ ተነሥቶ አንድ ቃል ይጽፍልኛል፣ እኔም በትክክል እስክጠራው ድረስ ትምህርት አይጀመርም። ያቺ «ሳኩን» ትል የነበረችው ልጅ ከሁሉም ይልቅ ጥብቅ መምህር ሆናብኛለች።

እሑድ እሑድ በ«ሶንግ ቱም» ለአባቴ እደውላለሁ፤ ደሴ ያን ጊዜ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ የሳምንቱን ቃል ነው። ያለፈው ሳምንት ሁለት ቃላት ነበሩ፤ «ካይ» ሲባል ዶሮ ነው፣ ያው «ካይ» ትንፋሽ ሲጨመርበት ደግሞ እንቁላል ነው። ሁለቱንም ለአባቴ ጠራሁላቸው።

«አንድ ናቸው እኮ» አሉኝ።

«አይደሉም አባባ፤ ሁለተኛው ላይ ትንፋሽ አለው። እጅዎን አፍዎ ላይ ያድርጉና ይሞክሩት።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከኋላቸው የሠፈሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማኛል።

«ካይ» አሉ።

«ይህ ዶሮው ነው።»

«ካይ» አሉ እንደገና፣ አሁን ጮክ ብለው።

«አሁንም ዶሮው ነው።»

«ቆይ፣ ስልኩን አትዝጋ» አሉኝና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።